ትንሽ ሽጉጥ፣ ትልቅ እጅ፦ የሪቮልቨር እጀታ ለምን ይቀየራል?

በአገራችን ገበያ ምሳር የሚገዛ ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ብረቱን ብቻ ነው። እጀታውን ራሱ ከዛፍ ቆርጦ፣ ጠርቦና አለስልሶ ይገጥምለታል። ብረቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እጅ ግን የየሰው ነው። ይህን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሽጉጥ ፋብሪካዎች ግን ይህን ቀላል ነገር ለመቀበል ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የሠሩላቸው ሽጉጡን የገዙ ሰዎች ነበሩ፤ በአንድ ካቻቪቴ የፋብሪካውን እጀታ ፈትተው፣ ለእጃቸው የሚስማማ ሌላ እየገጠሙ። የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አፈሙዙና ስለ ጥይቱ ነው። ዛሬ ደግሞ እስቲ ማንም ልብ የማይለውን ክፍል እንመልከት፦ የትንሹን ሪቮልቨር እጀታ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለብረቱ የተለካ፣ ለሰውየው ያልተለካ

ሪቮልቨር ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚይዝ ሽጉጥ ነው። ብዙዎቹ ስድስት ጥይት ስለሚይዙ በእኛ ዘንድ «ስድስት ጎራሽ» የሚባለው እሱ ነው። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በአገሩ የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1836 ነበር። ኮልት ታዋቂ የሆነው ግን በፈጠራው ብቻ አይደለም። በ1855 በሃርትፎርድ ከተማ ባቋቋመው ትልቅ ፋብሪካ፣ የሽጉጡን የብረት ክፍሎች በማሽን በብዛትና በአንድ ልክ ማምረቱ ጭምር ነው።

እጀታው ግን ለየት ያለ ታሪክ ነበረው። እንጨት እንደ ብረት አይደለም፤ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠራተኞች እንጨቱን ከብረቱ አካል ጋር አጋጥመው አብረው ይሞርዱት ነበር። በድሮ የኮልትና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች እጀታ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሽጉጡ መለያ ቁጥር ተጽፎ ወይም ተመትቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ያኛው እንጨት የዚያኛው ብረት ብቻ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። እያንዳንዱ እጀታ ለእያንዳንዱ ብረት በጥንቃቄ ተለክቷል። ሽጉጡን ለሚይዘው ሰው ግን አልተለካም። ፋብሪካው ገዢውን አያውቀውም፤ እጁን አላየም። ስለዚህ በግምት አንድ «መካከለኛ ወንድ» አሰበና ለሁሉም እሱን ሸጠ።

እርፍ የመሰለው እጀታ

መጀመሪያ ላይ ግምቱ ብዙም አላስቸገረም። የ1851ዱ ኮልት ኔቪና በእሱ ቅርጽ የተሠራው የ1873ቱ ኮልት እጀታቸው ወደ ታች የሚጎብጥ ነበር። አሜሪካውያን ራሳቸው የማረሻ እርፍ ይመስላል ይሉት ነበር።

ይህ ቅርጽ አንድ ብልሃት አለው። ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሳል። ለስላሳውና ጎባጣው እጀታ በዚህ ጊዜ መዳፍ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ኃይሉ እጅን ከመምታት ይልቅ ሽጉጡን ያሽከረክረዋል። በዚያ ላይ እነዚህ ሽጉጦች ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት መቺውን ብረት በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ይጠይቁ ነበር። ሽጉጡ መዳፍ ውስጥ ሲሽከረከር መቺው ራሱ ወደ አውራ ጣት ይቀርባል። ስለዚህ መንሸራተቱ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነበር።

በኋላ ግን አሠራሩ ተቀየረ። ቃታውን በመሳብ ብቻ መቺው ወደ ኋላ ሄዶ የሚመታበት፣ ከበሮውም አብሮ የሚዞርበት ዓይነት ተስፋፋ። አሁን ጣት ከቃታው ሳይርቅ ደጋግሞ መሳብ አለበት። እጀታው መዳፍ ውስጥ ከተንሸራተተ ደግሞ ጣቱ ቦታውን ይስታል። የትናንቱ ብልሃት የዛሬ ችግር ሆነ።

ዋልነት፣ ጎማ፣ የዝሆን ጥርስ

እጀታ ከምን ይሠራል? የተለመደው ዋልነት የተባለው እንጨት ነበር፤ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ለመቅረጽም ይመቻል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 ያወጣው ሰባት ጥይት የሚይዝ ትንሽ ሪቮልቨር ደግሞ ሮዝውድ በተባለ ቀላ ያለ እንጨት ይሸጥ ነበር።

ከዚያ ኬሚስትሪ ገባች። በ1851 ኔልሰን ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ፣ ጎማ ላይ ብዙ ድኝ ጨምሮ በማሞቅ እንደ ቀንድ የሚጠነክር ነገር የሚገኝበትን ዘዴ አስመዘገበ። ይህ ጠንካራ ጎማ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ በአንድ ጊዜ እጀታ ይሆናል፤ የፋብሪካው ምልክትና ጌጥም አብሮ ይታተምበታል። ጠራቢ አያስፈልግም፤ ርካሽ ነው። መጥፎ ጎኑ ሲወድቅ መሰበሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትናንሽ ሪቮልቨሮች በብዛት በዚህ ጥቁር እጀታ ይሸጡ ነበር።

ገንዘብ ያለው ደግሞ የዝሆን ጥርስ ያስገጥም ነበር። በዚህ የሚታወቀው አሜሪካዊው ጄኔራል ጆርጅ ፓተን ነው፤ በ1916 የገዛው ኮልት ሽጉጥ እጀታው የዝሆን ጥርስ ነበር። የዝሆን ጥርስ ያምራል፤ በደንብ ይቀረጻል፤ ከዕድሜ ጋርም ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ግን ዋጋው የተከፈለው በዶላር ብቻ አይደለም። የፒያኖ ቁልፍ፣ የቢሊያርድ ኳስ፣ የቢላዋና የሽጉጥ እጀታ ሁሉ ተደምረው ዝሆኖችን ከብዙ የአፍሪካ ምድር አጠፉ።

ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ የተወሰነው በ1989 ነው። አሜሪካም በ2016 የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድን በአገር ውስጥ ከሞላ ጎደል ዘጋች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2015፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከ6 ቶን በላይ የተወረሰ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጥላለች። ዛሬ ነጭ እጀታ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ወረቀት ወይም ጨርቅ በሙጫ ተነባብሮ የተሠራውን ማይካርታ ወይም ሌላ ፕላስቲክ ነው። ምትክ ስንል እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፦ ለእጅ የሚሆን ምትክ አለ፣ ለዝሆኑም የሚሆን ምትክ አለ።

ሽጉጡ ሲያንስ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በ1927 ኮልት «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» የተባለ ሪቮልቨር አወጣ። አፈሙዙ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሲቪል ለብሶ የሚሠራ መርማሪ ፖሊስ ኮቱ ሥር እንዲደብቀው የታሰበ ነበር። አፈሙዙ ሲያጥር ግን የእጀታው የታችኛው ማዕዘን ልብሱን እየገፋ ያሳብቅ ጀመር። ስለዚህ በ1930ዎቹ ኮልት ማዕዘኑን አድቦለቦለው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፦ ሽጉጥ ለመደበቅ የሚያስቸግረው አፈሙዙ ሳይሆን እጀታው ነው።

በ1950 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከዚህም ያነሰ አመጣ። ኮሎራዶ ውስጥ በተካሄደ የፖሊስ አለቆች ጉባኤ ላይ ስለቀረበ ስሙ «ቺፍስ ስፔሻል» ተባለ፤ የአለቆቹ ልዩ እንደማለት ነው። ከበሮው እንዲቀጥን ሲባል ስድስተኛው ጥይት ቀርቶ አምስት ብቻ ይይዝ ነበር። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ብዙም አይዘልም። ብዙም ሳይቆይ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ 430 ግራም ገደማ የሚመዝን ዓይነትም ተጨመረ።

ሽጉጡ አነሰ፤ እጀታውም አነሰ። እጅ ግን አላነሰም። ትልቅ ሰው ሲይዘው ትንሿ ጣቱ የምታርፍበት አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። የመሃል ጣቱም በእጀታው ፊትና ቃታውን በሚከልለው የብረት ቀለበት መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይገባና፣ በተኩስ ጊዜ ቀለበቱ አንጓውን ይመታዋል።

እስቲ እናስላው

ትንሽ ሽጉጥ ከትልቁ ለምን የበለጠ ይመታል? ኒውተን ከረጅም ጊዜ በፊት መልሶታል። ጥይት ወደ ፊት ሲሄድ ሽጉጡ በእኩል ሞመንተም ወደ ኋላ ይሄዳል።

በዚህ ሽጉጥ የሚተኮሰው አረር ወደ 10 ግራም ይመዝናል እንበል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 230 ሜትር ያህል ይሁን። 0.01 ኪሎ ግራም በ230 ስናባዛ 2.3 ይመጣል። ሽጉጡ 1 ኪሎ ግራም ቢሆን ወደ ኋላ የሚሄደው በሰከንድ 2.3 ሜትር ነው። 430 ግራም ከሆነ ግን 2.3 ለ0.43 ሲካፈል በሰከንድ 5.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጉልበቱን ስናሰላ የመጀመሪያው 2.6 ጁል፣ ሁለተኛው 6 ጁል አካባቢ ነው። የባሩዱን ጋዝ እንኳ ሳንቆጥር፣ ያው ጥይት ከትንሹ ሽጉጥ ሲወጣ እጅን የሚመታው ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚያርፈው በጠባብ ብረት ላይ ነው። ኃይል በጠባብ ቦታ ሲያርፍ ግፊቱ ይጨምራል፤ መርፌ የሚወጋው ለዚህ አይደል?

ሌላም አለ። የእንዲህ ዓይነት ሪቮልቨር ቃታ ሙሉ በሙሉ ለመሳብ 5 ኪሎ ግራም ክብደት ከማንሳት ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይፈልጋል። አስቡት፦ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በአንድ ጣት የክብደቱን አሥር እጥፍ በሆነ ኃይል ትስቡታላችሁ፤ ዕቃው ግን ፍንክች ማለት የለበትም። የቀሩት ጣቶች አጥብቀው ካልያዙት ይወዛወዛል፤ ጥይቱም ከታለመለት ውጭ ይሄዳል። ከተማ ውስጥ በሰው መሃል ለሚሠራ ፖሊስ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። የሳተ ጥይት የሆነ ቦታ፣ ምናልባትም የሆነ ሰው ላይ፣ ማረፉ አይቀርም።

ብሎኑን የፈቱት ሰዎች

መፍትሔው የመጣው ከተጠቃሚዎች ነው። ነገሩን ቀላል ያደረገው የአሠራሩ ሁኔታ ነው፦ ሁለቱ የእጀታ ቁራጮች በግራና በቀኝ ሆነው በአንድ ብሎን ይያያዛሉ። ብሎኑን ፈትቶ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ሕጉም አላከላከለም፤ በአሜሪካ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ እንደ ዋናው መሣሪያ የሚቆጥረው የብረቱን አካል ስለሆነ፣ እጀታ እንደ ማንኛውም ዕቃ በፖስታ ታዝዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ትንሹ ነበር። የፋብሪካው እጀታ እንዳለ ሆኖ፣ ከቃታው ቀለበት በስተጀርባ ያለውን ክፍተት ብቻ የሚሞላ ቁራጭ መጨመር። የሎስ አንጀለሱ ጠብመንጃ ሠሪ ፍራንክ ፓክማየር ከጎማ፣ የኦክላሆማው ሜልቪን ታይለር ደግሞ ከአሉሚኒየም ሠርተው ሸጡት። አውራ ጣት በምታክል ቁራጭ የመሃል ጣት ከመመታት ዳነ፤ ሽጉጡም ትልቅ ሳይሆን ቀረ።

ሁለተኛው መፍትሔ ሙሉ የጎማ እጀታ ነው። ጎማው የኋላውን ብረት ሸፍኖ ምቱን በሰፊ ቦታ ይበትነዋል፤ ትንሽ ስለሚጨመቅም ምቱ የሚያርፍበትን ጊዜ ያረዝመዋል። ተመሳሳይ ሞመንተም በረዘመ ጊዜ ሲመጣ ኃይሉ ይቀንሳል። ግን ነጻ ምሳ የለም እንዲሉ ምሁራን፣ ጎማ ልብስ ይይዛል፤ ከኪስ ሲወጣ ሽፋኑን ጎትቶ ይመጣል። ከኋላ የተጨመረው ውፍረት ደግሞ ጣትን ከቃታው ያርቃል።

ሦስተኛው ስምምነት ነው፦ ጣቶች የሚያርፉበት ጎድጎድ ያለው፣ ነገር ግን ከብረቱ ጫፍ በታች የማይወርድ አጭር እጀታ። ትንሿ ጣት አሁንም ቦታ የላትም፤ ሁለቱ ጣቶች ግን በደንብ ይይዛሉ፤ ሽጉጡም እንደተደበቀ ይቀራል።

ስለዚህ ምትክ እጀታ ሲመረጥ ጥያቄው ሁልጊዜ ሦስት ነበር። የጠቋሚ ጣት የመጀመሪያው አንጓ አካባቢ ያለምንም መጠማዘዝ ቃታው ላይ ይደርሳል? የመሃል ጣት ከቀለበቱ ይርቃል? ትንሿ ጣት ማረፊያ አላት ወይስ ለመደበቅ ሲባል ትቅር? ሦስቱንም በአንድ ጊዜ «አዎ» የሚያሰኝ እጀታ ማግኘት ከባድ ነው። ምርጫ ማለት የትኛውን ትተን የትኛውን እንያዝ ማለት ነው።

«መካከለኛ ሰው» የሚባል የለም

ፋብሪካዎቹ ታዲያ ለምን ገና ከመጀመሪያው አላሰቡበትም? መልሱ ከሽጉጥ ውጭ፣ ከአውሮፕላን ይመጣል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ አየር ኃይል የአብራሪውን መቀመጫ በመካከለኛ ቁመና ልክ ይሠራ ነበር። ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ ወጣት ተመራማሪ የ4,063 አብራሪዎችን ልኬት ወስዶ ፈተሸ። ቁመት፣ የደረት ስፋት፣ የእጅ ርዝመትና የመሳሰሉትን 10 ልኬቶች መረጠ። በአሥሩም መካከለኛ የሆነ ስንት ሰው አገኘ? አንድም። እጁ መካከለኛ የሆነው ደረቱ ይሰፋል፤ ደረቱ መካከለኛ የሆነው እግሩ ያጥራል። ለመካከለኛ ሰው የተሠራ መቀመጫ ለማንም አልተሠራም ማለት ነው። አየር ኃይሉም መቀመጫው ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደላይና ወደታች እንዲስተካከል ማዘዝ ጀመረ።

እጅም እንዲሁ ነው። መዳፉ ሰፊ ሆኖ ጣቱ አጭር የሆነ አለ፤ መዳፉ ጠባብ ሆኖ ጣቱ ረጅም የሆነም አለ። ችግሩ ይበልጥ የታየው ደግሞ ከ1972 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የአሜሪካ የእኩል ሥራ ዕድል ሕግ የክልልና የከተማ መሥሪያ ቤቶችንም ስለሚመለከት፣ ሴቶች በብዛት የጥበቃ ፖሊስ መሆን ጀመሩ። የሚታደላቸው ሪቮልቨር ግን ለወንድ እጅ የታሰበ ነበር። እጀታው ሲወፍርባቸው ጣታቸው ቃታው ላይ የሚደርሰው በጫፉ ብቻ ነው፤ ለማድረስ መዳፋቸውን ሲያዞሩ ደግሞ ምቱ የሚያርፈው በአውራ ጣታቸው አንጓ ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ ዒላማ መሳት «ሴት ስለሆነች ነው» ለማለት ይመቻል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የአንድ ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንጨት ነበር። ትንሽ እጅ ላላቸው ወንዶችም ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ እነሱን «ወንድ ስለሆንክ ነው» ያላቸው አለመኖሩ ነው።

ፋብሪካው ሲማር

በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀርመኑ ዋልተር ፋብሪካ ፒ99 የተባለ ሽጉጥ ይዞ መጣ። ሪቮልቨር አይደለም፤ ጥይቱን በካዝና የሚይዝ ነው። አዲሱ ነገር የእጀታው የኋላ ክፍል ተነቅሎ በሌላ መጠን መተካት መቻሉ ነበር፤ ተለዋጮቹም አብረውት ይሸጡ ነበር። በ2010 ግሎክም በአራተኛው ትውልድ ሽጉጡ ይህንኑ ተከተለ። በ2017 የአሜሪካ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሲመርጥ ደግሞ የተመረጠው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እጀታ ሊገጠምለት የሚችል ነው። ተጠቃሚዎች ለአሥርተ ዓመታት በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ካቻቪቴ ሲሠሩት የነበረው፣ አሁን ፋብሪካው ራሱ አስቦበት የሚያመጣው ሆነ።

የእጀታ ነገር የሽጉጥ ብቻ አይደለም። ግራኝ የሆነ ተማሪ በቀኝ እጅ መቀስ ሲቸገር፣ አጭር ልጅ እግሩ መሬት በማይነካበት ወንበር ላይ ሰዓታት ሲቀመጥ፣ ነርስ ለወንድ እጅ በተሠራ ጓንት ስትሠራ ጥያቄው ያው ነው። ዕቃው አልሠራ ሲል ቶሎ የምንወቅሰው ሰውየውን ነው። የሪቮልቨር ባለቤቶች ግን ራሳቸውን ከመውቀስ በፊት ብሎኑን ፈትተው አዩ።